የደም ቀንና የመብራት ቀን

ሰኞ፣ መጋቢት 4 ቀን 1987

ክሊኒኩ በር ላይ ስደርስ ካሱ ሰዓሊው መሰላል ላይ ወጥቶ «ደጋፊ» የሚለውን ቃል በነጭ ቀለም እያጠፋ ነበር። «ደ»ም «ጋ»ም ሄደዋል። የቀረችውን «ፊ» እያየሁት ደፈናት።

እስከ ትናንት ሰሌዳችን «ለድድ በሽታ ደጋፊ የሌዘር ሕክምና» ይል ነበር። አሁን «ለድድ በሽታ የሌዘር ሕክምና» ይላል። አላፊ አግዳሚው ልዩነቱን አያየውም። የእኔ ትምህርት ግን ያቺ የጠፋችው ቃል ነበረች።

«ካሱ፣ ማነው ያዘዘህ?»

«ዶክተር ልዑል ናቸዋ! እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ቃል ቀናሹ ውስጥ ነው ያለው።»

ገባሁ። ልዑልሰገድ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። ፊቴን አይቶ ሳቀ።

«የምርጫ ሰሞን ነው እኮ፣ ልክነሽ። ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ገብተው ‹የማን ደጋፊ ናችሁ?› አሉኝ። ምን ልበላቸው? የድድ ደጋፊ ነን ልበል?»

እኔም ሳቅሁ። አሁን ማታ ላይ ሳስበው የሚያበግነኝ ቃሉ መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ መሳቄ ነው።

መሣሪያው የእኔ ነው። ከሶቪየት አገር፣ ከካርኮቭ ስመለስ ልብሴን ጥዬ እሱን በእቅፌ ነው ያመጣሁት። ከእጅ ሻንጣ የማይበልጥ ሳጥን፣ ከጫፉ ቀጭን ቀይ ብርሃን የሚወጣው። አይሞቅም፣ አያምም። የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁበትም ነው። ብርሃኑ ጥርስ ሥር የደረቀውን ድንጋይ አያነሳም። መጀመሪያ በብረት ይፋቃል፣ ይደማል፣ ይታጠባል። ብርሃኑ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ሕመሙንና እብጠቱን ቶሎ ያበርዳል። እሱም በሁሉም ሰው ላይ አይደለም። አንዳንዱ ላይ ለውጥ አየን፣ አንዳንዱ ላይ አላየንም። ይህንን ሁሉ ልዑልሰገድ ያውቃል። አብረን ነው የተማርነው፤ አንድ ዓመት ይቀድመኛል። የመመረቂያ ጽሑፌን እሱ ነው ቁጭ ብሎ ያረመልኝ።

ለምርጫው ሲባል ከሆነ ምርጫው ሲያልፍ ቃሉ ይመለሳል። እንደዚያ ብሎኛል።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ሰው በዝቷል። እጄ ዝሏል። ሦስት ሰው ፋቅሁ፣ የአንዱን ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። የልዑል ሸሚዝ ላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም። እኔ ምን አገባኝ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ሲቀላ ገበያ ውስጥ «ባለ ሌዘሯ» ተብዬ ቀረሁ። የጫማ ሰፊዎቹ መደዳ ጋ ስደርስ አንዱ ጎረምሳ «ዶክተር፣ ድድ በሌዘር ስትሰፊ ክሩን ከየት ነው የምታመጪው?» አለኝ። ሌዘር ለእነሱ ቆዳ ነው፤ ጃኬት ነው። ኦይታ የሚባሉት የላንቴ ሙዝ አምራች ደግሞ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው በቁም ነገር «ሌዘሩ ከበሬ ነው ከፍየል?» ብለው ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። አፋቸውን ስፍቅ ደም ተፉ፣ ተጉመጠመጡ፣ እንደገና ከፈቱ። ጎበዝ ሽማግሌ ናቸው። አፍ መፍቻቸው ጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛ ሲያወሩኝ እንደ ወንድ ነው የሚጠሩኝ።

«አንተ ጎበዝ ነህ፣ ዶክተር። ግን ለምን ትቆጣለህ?»

«አልተቆጣሁም፣ አባ።»

«ተቆጥተሃል። እጅህ አልተቆጣም፣ ፊትህ ነው።»


ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

ወንበሩ አንድ ስለሆነ ቀን ተካፍለናል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የእኔ ነው፤ የቀሩት የልዑል።

ዛሬ በለጥሽ መጣች፤ ሙዝ ጅምላ የምታስጭን፣ ከሾፌሮቹ ጋር ስትከራከር ድምጿ እስከ መናኸሪያው የሚሰማ ሴት። ድዷ አብጧል፣ ስትናገር ይደማል። «እኔ በአፌ ነው የምኖረው፣ ዶክተርዬ» አለችኝ። «አፌ ከተዘጋ ሾፌሮቹ ያርዱኛል።»

ቀጭኑን መለኪያ በድዷና በጥርሷ መሃል ሳስገባው ጥልቀቱ አስደነገጠኝ። መግል አለው። ጥርሶቿ ግን ገና አልላሉም፤ ይድናሉ። የግራውን ጎን በሙሉ ፋቅሁላት። ስትጮህ ውጭ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙ። ከዚያ ቀዩን ብርሃን አበራሁበት። የቀኙን ጎን ለመጪው ማክሰኞ ቀጠርኳት።

«ስንተኛው ልጅ ሲወለድ ነው እንዲህ የሚያስጮኸው?» ብላ እየሳቀች ሄደች። ወድጃታለሁ።


እሑድ፣ መጋቢት 17

ልዑል ከቅዳሴ በኋላ አክስቴ ቤት መጣ። አክስቴ አሰፋሽ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ የምትኖረው ሴቻ፣ ከሲቀላ ሽቅብ ባለው ሰፈር ነው፤ እኔም የምኖረው ከእሷ ጋር ነው። የጾም ምሳ አብረን በላን። ሽሮውን አመሰገነ። ሲወጣ በረንዳው ላይ በሩሲያኛ አነጋገረኝ። አክስቴ ፊት፣ በሽተኛ ፊት፣ ሰው እንዳይሰማን ስንፈልግ ሩሲያኛ ነው የምናወራው። ድሮ ያስቀኝ ነበር።

የላንቴ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጥርሳቸውን የሚያይላቸው ይፈልጋሉ አለ። «ከአንቺ የተሻለ ማን አለ?» ማክሰኞ እንድሄድ። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ አልኩት። «እኔ እሸፍንልሻለሁ» አለ።

ሽማግሌ የሚልከው ከፋሲካ በኋላ ነው። በጾም አይሆንም፤ እውነቱን ነው። ከገና በኋላ ያልሆነው አባቱ ታመው ነው። ክሊኒኩ በእሱ ስም ብቻ የተመዘገበው ደግሞ ሂደቱን ለማሳጠር ብለን ነው፤ ከተጋባን በኋላ የአንተ የእኔ የሚባል ነገር የለም።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

ላንቴ። አቧራ። ከምጠብቀው በላይ የሚያምሩ ጥርሶች። ልጆቹ ድዴን ካላየን ብለው አስቸገሩኝ፤ አሳየኋቸው። ማንም እንደምመጣ አልተነገረውም ነበር። ርእሰ መምህሩ በትሕትና ተቀበለኝ እንጂ እኔን የጠራ ሰው የለም።

መልእክቱ ተዛብቶ ይሆናል።


ሐሙስ፣ መጋቢት 21

በለጥሽ ለቀኙ ጎን አልመጣችም ወይ ብዬ ረዳታችንን ቲጂን ጠየቅኋት። «መጥታ ነበር፣ ዶክተር ልዑል አይቷታል» አለችኝ። ፈቃት ወይ? ቲጂ የታጠቡትን ብረቶች እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ልዑልን ጠየቅሁት። «ሁሉም ደህና ነው፣ ጨርሳለች» አለ። በሩሲያኛ።


ሰኞ፣ መጋቢት 25

የተረሳ መነጽሬን ልወስድ ገባሁ። ቲጂ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች እያነጋገረች ነበር፤ ከበሩ በስተጀርባ መሆኔን አላየችም።

«ነገ አትምጡ፤ ነገ የደም ቀን ነው። ረቡዕ የመብራት ቀን ነው፣ ረቡዕ ኑ።»

«የደም ቀን ምንድን ነው?»

«የዶክተር ልክነሽ ቀን ነዋ። እሷ ካላደማች አትለቅም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቲጂም ሳቀች።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ልዑል በወንበሩ ላይ አንድ አዛውንት አስተኝቶ ቀዩን ብርሃን አፋቸው ውስጥ ይዞ ነበር። ብረቶቹ ቅዳሜ ባስቀመጥኳቸው ቦታ፣ በፎጣ እንደተሸፈኑ አሉ። ደም የለም፣ ድንጋይ የለም፣ ውኃ የለም። አዛውንቱ ተነስተው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

እሳቸው እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«ሳትፍቅ?»

«ልክ ነሽ፣ ልክነሽ» አለ። ሁልጊዜ በስሜ ነው የሚቀልደው። «ልክ ነሽ ግን ሰው ደም ይፈራል። መጀመሪያ ይልመዱን። መብራቱን ለምደው ሲመለሱ እንፍቃቸዋለን።»

«ማን ተመለሰ?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ድንጋዩ እያለ ላዩ ሲበርድ ውስጡ እየበላ ይሄዳል። አንተ ነህ ይሄን አርመህ የጻፍክልኝ! ‹ይሸፍናል› የሚለውን ቃል ‹ያታልላል› ብለህ ያረምከው አንተ ነህ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለ በሩሲያኛ።

ቀነስኩ። ለምን እንደቀነስኩ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ጮህኩበት።


ረቡዕ፣ መጋቢት 27

የመብራት ቀን። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ቆሜ አየሁ። ወረፋው በር አልፎ ወጥቷል። እኔ ጋ ሁለት ሰው በሚታከምበት ጊዜ ውስጥ እሱ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሰው ይቀይራል።

ማታ ሲዘጋ ቀርቤ አየሁ፤ የሸሚዙን ቁልፍ የተከለለት ሰው አለ፤ እኔ አይደለሁም። ክሩ ጥቁር ነው፤ ሸሚዙ ነጭ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 30

ወንበሬ ባዶ ነበር። ከአባ ኦይታ በስተቀር ማንም አልመጣም።

«አባ፣ እርስዎ ለምን በመብራት ቀን አይመጡም?»

«ለመብራቱማ ፋኖስ ቤቴ አለ። እኔ ድዱን ነው የምፈልግ።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ እሳቸውን ልሸኝ ብዬ ወጥቼ ጓሮ ቆየሁ። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 2

ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፦

«ልኬ፣ የሞተ ሰው አለ?»

«የለም።»

«የከሰሰ?»

«የለም።»

«ታዲያ ወንዱ ሥራው ሲሰፋለት አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምታጠቢበት? ሽማግሌ ሊልክ ሳምንታት ቀርተውት!»

«እትዬ፣ ሰው እያታለለ ነው።»

«ሁሉም ሰው ትንሽ ያታልላል። ዶሮ ሻጩም ያታልላል። ለትዳርሽ ስትይ ዝም በይ።»

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ስትሠራ ጎብኚ አለቆች ይፈሯት የነበረች ሴት ናት። አክስቴ እንዲህ ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም። ወይም ጠብቄ ነበር፤ ለዚህ ነው እስካሁን ያልነገርኳት።


እሑድ፣ ሚያዝያ 15፣ ፋሲካ

ልዑል ለአክስቴ በግ ላከ። ሽማግሌ አልላከም። «ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ።»


ሰኞ፣ ሚያዝያ 30

ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ምርጫውም ትናንት ተካሄደ። ሰሌዳው እንዳለ ነው።


ሐሙስ፣ ግንቦት 3

በለጥሽ።

በሻሽ አገጯን አስራ ገባች። የቀኝ መንጋጋዋ እንደ ሎሚ አብጧል። አፏን በደንብ መክፈት አትችልም፤ ትኩሳት አላት። የታችኛው ቀኝ ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ በጣቴ ስነካቸው ተንቀሳቀሱ። ግራው፣ እኔ የፋቅሁት ጎን፣ ጤነኛ ነው። ጠበቅ ያለ፣ ሮዝ ድድ። አንድ አፍ ውስጥ ሁለት ሰው ያለ ይመስላል።

«ለምን እስከዛሬ ቆየሽ?»

«ጨርሰሻል ተብዬ!» እንባዋ በሻሹ ላይ ወረደ። «ሲያመኝ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ሁለቴም መብራቱን አደረገልኝ። ሲያበራልኝ ይሻለኛል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሕመሙ ይመለሳል።»

«ለምን ወደ እኔ አልመጣሽም?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ ያዘዝሽው? ‹ዶክተር ልክነሽ ነች ለቀኙ መብራቱ ብቻ ይበቃል ያለችው› ብሎኝ። አንቺ ባትዪ ኖሮ መቼ እሺ እል ነበር? አንቺን አምኜ እኮ ነው!»

መግሉን አወጣሁ። ሁለቱን ጥርሶች ነቀልኩ፤ የሚተርፉ አልነበሩም። መድኃኒት ሰጠኋት።  እሷ ከወጣች በኋላ ብረቶቹን ራሴ አጠብኩ።

በስሜ። ሰውዬው ሰነፈ፣ ወረፋ አበዛ፣ ሰሌዳ አሳጠረ፤ ይሁን። እሷ «አይሆንም» እንዳትል ግን የእኔን ስም ነው አፏ ውስጥ የከተተው። ወደ ላንቴ የላከኝ ቀን! ማንም ያልጠራኝ ትምህርት ቤት የልጆች ጥርስ ስቆጥር!

አሁን ገና ነው የገባኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ይሆንብኛል፤ ተውኩት።


ዓርብ፣ ግንቦት 11

የበለጥሽ ወንድም ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አመለከተ። ክሱ በሁለታችን ላይ ነው። ነገ ጠዋት እንድንቀርብ ተጠርተናል።

ልዑል ማታውን መጣ። ከሲቀላ በእግሩ ነው የመጣው፤ ላብ አጥምቆታል። ተቀመጠ። እንደ ካርኮቭ ጊዜው እጄን ያዘኝ፤ ያኔ የማሞቂያው ቧንቧ ፈንድቶብን አንድ ካፖርት ሁለታችን ለብሰን ያደርንበት ክረምት እንደነበረው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የምናገረው። አንቺ ዝም በይ። ቁጡ ነሽ፤ ትናገሪና ክሊኒኩን ይዘጉብናል። እኔ በለዘብታ እናገራለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ በጋራ እንወጣዋለን። ከዚያ ሽማግሌ። በቅዱስ ሚካኤል እምላለሁ።»

አክስቴ ከጓዳ «እሱ ያውቃል፣ ልኬ» አለች።

እሺ አልኩ።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

እኔ እናገራለሁ አለ። ተናገረም።

«መሣሪያው የዶክተር ልክነሽ ነው። ከውጭ ያመጣችው እሷ ናት፤ የተመረቀችበትም ነው። በዚህ ዘዴ ከእኔ የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። እኔ እሷ ባዘዘችው መሠረት ነው የሠራሁት። ከቅንነት ጉድለት አይደለም፤ ወጣት ናት፣ በጥናቷ ከልክ በላይ ታምናለች። ይቅርታ እንዲደረግላት እለምናለሁ።»

ይቅርታ እንዲደረግላት። ለእኔ ይቅርታ ለመነልኝ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋሼ ብርሃነመስቀል ወደ እኔ ዞሩ። «ዶክተር፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዝም አልኩ። ቃል ገብቼ ነበር።  ልዑል በጠረጴዛው ሥር እግሬን በእግሩ ነካ አደረገኝ፤ በርቺ እንደሚል ሰው።

ጋሼ ብርሃነመስቀል መዝገባቸውን ዘጉ። ነገሩን ለሰኞ አሳደሩት።

ስንወጣ «ጎበዝ» አለኝ በሩሲያኛ። «አንቺ ላይ ምንም አያደርጉም፣ ሴት ነሽ፣ ወጣት ነሽ። ፈቃዱ በስሜ ስለሆነ በእኔ ላይ ቢሆን ክሊኒኩ ነበር የሚሄደው። አስቢው።»

አሰብኩት። ልክ ነው። ክሊኒኩ የእሱ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ። ክፍፍሉ አልቋል።


እሑድ፣ ግንቦት 13

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። በለጥሽ ቤት ሄድኩ። እብጠቱ ጎድሏል፣ ንግግሯ ግን ያፏጫል። ሾፌሮቹ እያስመሰሉ ይቀልዱባታል።

«ነገ አፍሽን ሰው ፊት ትከፍቺልኛለሽ?»

«መቼ ተዘግቶ ያውቃል!» አለች።


ሰኞ፣ ግንቦት 14

ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደምል ሳስብ ነበር፤ አንዱንም አላልኩት።

ቆሜ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ዝም ያልኩት ዝም በይ ስለተባልኩ ነው። ዛሬ እናገራለሁ» አልኩ። በለጥሽን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብኳት። «ግራውን እኔ ነኝ ያከምኩት። መጀመሪያ ፍቄ፣ ከዚያ መብራቱን ጨምሬ። ቀኙ መብራት ብቻ ነው ያገኘው። እባክዎ ይመልከቱ።»

ጋሼ ብርሃነመስቀል መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ ብለው አዩ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ እንደገና ግራውን። በለጥሽ አፏን እንደከፈተች «ህእ!» አለች፤ ይኸው ማለቷ ነው።

ልዑልሰገድ በሩሲያኛ ጀመረ። «ልክነሽ፣ እባክሽ፣ ሁለታችንንም እያጠፋሽ ነው፤ እኔ እኮ አንቺን…»

«በአማርኛ ተናገር!» አልኩት። ድምፄ ግድግዳውን መታው። «እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ይስማ። የምትወደኝ ከሆነም በአማርኛ ውደደኝ!»

በአማርኛ ምንም አላለም።

በለጥሽን ጠየቋት፤ ማን ምን እንዳላት ተናገረች። ቲጂን አስጠሯት፤ እያለቀሰች ስለ ቀኖቹ ተናገረች። ጋሼ ብርሃነመስቀል ሰሌዳው እንዲወርድ፣ ነገሩ እስኪጣራ ክሊኒኩ እንዲዘጋ አዘዙ። እኔም እስከዚያ ታካሚ እንዳላይ። «ባየሽበት ጊዜ ማመልከት ነበረብሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ተቀበልኩ።

ከዚያ ክሊኒኩ ሄጄ መሣሪያዬን ከመደርደሪያው አንስቼ ወጣሁ። ማንም አልከለከለኝም።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 15

አክስቴ ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። ዛሬ ጠዋት ብቻ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፦

«ቅዳሜ ምን እንደሚል ነግሮኝ ነበር። ለአንቺ ብዬ ነው። ወጣት ስለሆንሽ ይምሩሻል፣ እሱ ክሊኒኩን ያተርፋል፣ ትጋባላችሁ። የነበረው እቅድ ይኸው ነበር።»

ታውቅ ነበር። ከጓዳ «እሱ ያውቃል» ስትለኝ ታውቅ ነበር።

ልብሴን ሰብስቤአለሁ። በለጥሽ ከሙዝ መጋዘኗ ጀርባ አንዲት ክፍል አላት። ነገ እገባለሁ። ሰው «ምን ሆና ወጣች?» ይላል፤ ይበል። ቀለበት አልነበረኝም የምመልሰው። ይህን አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

እጽፈዋለሁ፣ እንዳይለሰልስብኝ። ጣቴ ያልነካውን አፍ ማንም በስሜ አያክምም፤ ስሜ የሥራዬ ፊርማ ነው እንጂ የሌላ ሰው ማሳመኛ አይደለም። እኔ በተቀመጥኩበት ሌላ ሰው ስለ እኔ ይቅርታ አይለምንም። ባጠፋሁ ቀን በራሴ አፍ እለምናለሁ፤ ባላጠፋሁ ቀን የሚምረኝን አልፈልግም። «ለትዳርሽ ስትይ»፣ «ለፍቅራችን ስትይ»፣ «ለአንቺ ብዬ ነው» የሚሉኝን ሰምቻቸዋለሁ፤ ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር። ዝም ማለቴን የፍቅር ዋጋ አድርጎ የሚጠይቀኝ ሰው፣ የወለደኝም ይሁን ያሳደገኝ፣ የማገባውም ቢሆን፣ ከእንግዲህ ከእኔ አያገኘውም።